ሶባ የገባ እንግዳ ምን ይበላ፥ ምን ይጠጣ፥ በምንስ ይጓዝ ነበር?

የታሪክ መምህር ሆኖ ከተማሪ ያልጠበቀው ጥያቄ ያልደረሰበት የለም። እኔም በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ መካከለኛው ዘመን የኑብያ መንግሥታት ትምህርት ስሰጥ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ደረሰብኝ። የማኩርያንና የዐልዋን ነገሥታት፥ የጳጳሳቱን አሿሿም፥ የውሉንና የጦርነቱን ዓመታት በሰሌዳው ላይ ደርድሬ ከጨረስሁ በኋላ፥ «ጥያቄ ያለው?» ብዬ ዞር ስል ከኋለኛው ወንበር አንድ እጩ መምህር ተነሣና፥ «መምህር፥ ያን ጊዜ አንድ መንገደኛ ሶባ ቢገባ ምሳው ስንት ይፈጅበት ነበር?» አለኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጥያቄውን ሳወጣ ሳወርድ ግን የሳቅሁት በራሴ ላይ መሆኑ ገባኝ። ስለ አንድ መንግሥት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስተምር ሕዝቡ ምን በልቶ እንደሚያድር፥ እንግዳ ቢመጣበት በምን እንደሚቀበለው አንድም ቃል አልተናገርሁም። ልጁ የጠየቀኝ ግን ከቤቱ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጠይቀውን ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁትም ያን ዕዳ ለመክፈል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ሶባ የት ነበረች?

ሶባ የዐልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ፍርስራሿ የሚገኘው ዛሬ ካርቱም ካለችበት በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሎ፥ በጥቁር አባይ ምሥራቃዊ ዳር ነው። ከተማይቱ የምትጠጣው ውኃ እንግዲህ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው የእኛው አባይ ነበር። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እያልን የምንተርትበት ወንዝ ለሶባ ሰው መጠጡም እርሻውም መንገዱም ነበር።

የዐልዋ ስም በእኛ አገር ጽሑፍ ውስጥ አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በኖባና በካሱ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ሲያስጽፍ፥ ዐልዋንና ዳሮን ከካሱ የግንብ ከተሞች መካከል ቈጥሯቸዋል። በዚያው ጽሑፍ ላይ ሠራዊቱ የእህልና የጥጥ ጎተራ አጥፍቶ ወደ ወንዝ እንደ ጣለ ተጽፏል። በኢዛና ድንጋይ ላይ ያለው ዐልዋ በኋላ የተነሣችው ሶባ ናት ለማለት ግን አይቻልም፤ ከሁለቱ መካከል ብዙ ዓመታት አሉ። ቢሆንም ከጥንት ጀምሮ የዚያ አገር ሀብት የእህል ጎተራና የጥጥ ክምር እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ዐልዋ የክርስትናን ሃይማኖት የተቀበለችው በ580 ገደማ ሎንጊኖስ በሚባል ሰባኪ አማካይነት ነው። ከዚያ በኋላ ጳጳሳቷን እንደ እኛው ከእስክንድርያ ታስመጣ ነበር። መንግሥቱም እስከ 1500 ገደማ፥ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብሎ እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ፥ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል።

ዋናው ምስክራችን

ስለ ሶባ ኑሮ የተረፈልን ዋናው ጽሑፍ የአንድ እንግዳ ጽሑፍ ነው። ሰውየው ኢብን ሰሊም አል አስዋኒ ይባላል። ፋጢማውያን ግብጽን በ969 ከያዙ በኋላ የጦር አዛዡ ጀውሃር ወደ ማኩርያው ንጉሥ ወደ ጊዮርጊስ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። በዚያን ጊዜ ያየውንና የሰማውን መዝግቦ መጽሐፍ አዘጋጀ። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ቍንጽሉ ግን የ15ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ገለበጠው ለእኛ ደርሷል።

ኢብን ሰሊም ስለ ሶባ ሲጽፍ ያማሩ ሕንጻዎች፥ ሰፋፊ ገዳማት፥ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች እንዳሏት ይናገራል። የዐልዋ ንጉሥ ከማኩርያው ንጉሥ ይልቅ ባለጸጋ እንደ ሆነ፥ ሠራዊቱና ፈረሱም እንደሚበልጥ ይገልጻል። በተጨማሪም እስላሞች የሚኖሩበት ሰፈር በከተማይቱ ውስጥ እንዳለ ይጠቅሳል። ለእኛ ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ፍንጭ ነው። ከሌላ አገርና ከሌላ ሃይማኖት የመጣ ነጋዴ የሚያርፍበት የራሱ ሰፈር ነበረው ማለት ነው። የሚያርፍበት ሰፈር ካለ ደግሞ የሚበላው ምግብ፥ የሚያሳርደው ከብት፥ የሚከራየው ግመል መኖሩ የማይቀር ነው።

ጽሑፉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ «ተጓዥ ያጋንናል» ብለን ማለፍ በቻልን ነበር። ነገር ግን ፒተር ሺኒ የተባለው እንግሊዛዊ አርኬዎሎጂስት ከ1950 እስከ 1952፥ ከእርሱም በኋላ ዳንየልስና ዌልስቢ ከ1981 ጀምረው ሶባን ቈፍረው ሲመረምሩ ትላልቅ የጡብ አብያተ ክርስቲያናት መሠረት፥ በቀለም ያጌጠ የአገሩ ሸክላና ከእስላሙ ዓለም የመጣ የመስታወት ዕቃ አግኝተዋል። ብርጭቆው ከሩቅ አገር ተጭኖ የመጣ ስለ ሆነ የንግዱ መንገድ እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል።

ምግቡ

ኢብን ሰሊም እንደሚለው የዐልዋ ሰዎች ዋና እህል ነጭ ዱራ፥ ማለት ነጭ ማሽላ ነበር። እንጀራቸውንም ጠላቸውንም የሚያዘጋጁት ከዚሁ ነው። ሥጋ በአገሩ ሞልቷል፤ ምክንያቱም ከብቱ ብዙ፥ ግጦሹ ሰፊ ነው። ተምርና ወይን ግን ጥቂት ነው።

እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ቀስ ብለን ብንመለከታቸው የእንግዳው ገበታ ከፊታችን ይዘረጋል። ከአስዋን የመጣ ሰው የስንዴ ዳቦና ተምር ለምዷል። ሶባ ሲደርስ ስንዴውንም ተምሩንም እንደ ልቡ አያገኘውም፤ የአገሩን እንጀራ በሥጋ ወጥ መብላት ሊለምድ ነው። በአንጻሩ ከመተማ ወይም ከሁመራ አካባቢ ሰው ሶባ ቢገባ ገበታው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሱዳኖች እስካሁን ድረስ ክስራ የሚሉት ስስ እንጀራ የተቦካ የማሽላ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ አስፍተው የሚጋግሩት ነው። ምጣዱን ዶካ ይሉታል። የሸክላ ዶካ ስባሪ በመካከለኛው ዘመን የኑብያ ፍርስራሾች ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ የእኛ እናቶች ምጣድና የሱዳን እናቶች ዶካ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

መጠጡ

ከማሽላው የሚጠመቀውን መጠጥ ኢብን ሰሊም በግብጾች አጠራር ሚዝር ይለዋል። የኋለኞቹ ሱዳኖች መሪሳ ይሉታል። ወፈር ያለ፥ ምግብነትም ያለው፥ ከጠላ ይልቅ ለቦርዴ የሚቀርብ መጠጥ ነው።

ስለዚሁ መጠጥ ኢብን ሰሊም አንድ የሚያስደንቅ ወሬ ጽፏል። በዐልዋ አገር በአንድ ስፍራ፥ የዘር ወቅት ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው እንደ አቅሙ ዘሩን ይዞ ወደ እርሻው ይሄዳል። መሬቱን በልኩ ይከልልና በአራቱ ማዕዘን ጥቂት ይዘራል። የቀረውን ዘር ከመካከል አኑሮ፥ አጠገቡ ሚዝር አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በነጋታው ሲመጣ እርሻው ሁሉ ተዘርቶ፥ መጠጡም ተጠጥቶ ያገኘዋል። በመከርም ጊዜ እንዲሁ ጥቂት አጭዶ መጠጡን አኑሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ ታጭዶ ተከምሮ ይቈየዋል። የአገሩ ሰዎች ይህን የሚሠሩት ጂኖች ናቸው ይላሉ።

ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ወይ ይስቃሉ፥ ወይ «ታሪክ ነው ተረት?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ግን ወሬውን ከደቦ ጋር እያነጻጸርሁ አስተምረዋለሁ። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ገበሬ ለሠራተኛው የቀን ሒሳብ አይከፍልም፤ ጠላውን ጠምቆ፥ ንፍሮውን ቀቅሎ ይጠብቃል። በዐልዋም ጂን ተባለ ሰው ተባለ የእርሻው ሥራ ዋጋ በጋን ተሞልቶ እርሻው መካከል ተቀምጧል። ገንዘብ በሌለበት አገር የጉልበት ዋጋ ምን እንደ ነበር ከዚህ ወሬ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ጂኖቹ እነማን እንደ ነበሩ ማረጋገጥ አይቻልም። ነገር ግን ሌሊት ሠርቶ፥ ጠጥቶ፥ ስሙ ሳይጠራ የሚሄድ ሠራተኛ በታሪክ ውስጥ ብዙ መሆኑን ለተማሪዎች ማስታወስ ይገባል።

ገንዘብ የሌለበት ገበያ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ምሳው ስንት ነበር? ኢብን ሰሊም ከግብጽ ወሰን ወደ ደቡብ ሲሄድ ከሁለተኛው ፏፏቴ አካባቢ እንዳለፈ ዲናርና ድርሃም ዋጋ የሌለው ነገር እንደሚሆን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚነግዱት በልውውጥ ነው። የሚለዋወጡትንም ዘርዝሮ ጽፏል፤ ባሮች፥ ከብት፥ ግመል፥ ብረትና እህል።

ይህን ዝርዝር በክፍል ውስጥ ስናነብ ከመጀመሪያው ቃል ላይ ቆም ማለት አለብን። ሰው ከከብትና ከብረት ጋር አብሮ ተቈጥሯል። በማኩርያና በግብጽ መካከል የነበረው፥ ባቅት የሚባለው ውልም በየዓመቱ 360 ያህል ባሮች ከኑብያ ወደ ግብጽ እንዲሄዱ፥ ከግብጽም ስንዴ፥ ገብስ፥ ወይን ጠጅና ልብስ እንዲመጣ የሚያደርግ ነበር። ውሉ የዐልዋ ባይሆንም ኢብን ሰሊም የዐልዋ ንጉሥም ከተገዢዎቹ የፈለገውን ባሪያ ማድረግ ይችል እንደ ነበር ጽፏል። ስለዚህ «በዚያ ዘመን ኑሮ ርካሽ ነበር» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመን፥ ለማን ርካሽ ነበር? ብለን መጠየቅ አለብን። በገበያው ውስጥ ገዢ የነበረ አለ፤ ሻጭ የነበረ አለ፤ ራሱ የተሸጠም አለ። በእኛም አገር የባሪያ ንግድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ መቆየቱን መዘንጋት የለብንም።

መንገደኛው እንግዲህ ወርቅና ብር ይዞ ቢመጣ ብልሃተኛ አይባልም። ብልሃተኛው የአገሩ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ይዞ የመጣው ነው። ከአንድ ጥቅል ጨርቅ እየቀደደ ለእህሉም፥ ለወተቱም፥ ለግመል ነጂውም ይሰጣል። ምሳው «ስንት ብር» ሳይሆን «ስንት ክንድ ጨርቅ» ነበር ማለት ይቀላል። የእኛ አሞሌ ጨውም የሠራው ሥራ ይኸው ነበር።

መንገዱ

የሶባ መንገደኛ ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው መንገዱ ነው። ከአስዋን እስከ ካርቱም ድረስ አባይ ስድስት ፏፏቴዎች አሉት። ጀልባ አንዱን ፏፏቴ ሲደርስ ዕቃው ይራገፍና በግመል ወይም በሰው ሸክም ይዞራል፤ ከዚያም በሌላ ጀልባ ይጫናል። መጫንና ማራገፍ በተደጋገመ ቍጥር ወጪው ይጨምራል። ወንዙን ትቶ በረሓውን የሚያቋርጥ ደግሞ ግመል፥ ውኃና መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። ከእኛ አገር በኩልም ቢሆን አባይ እንደ መንገድ አያገለግልም፤ ከጎጃም የሚወርደው በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለ ሆነ ነጋዴው ወንዙን ትቶ በእግርና በጋማ ከብት በመተማ በኩል ይወርድ ነበር።

በዚህ ላይ የንጉሥ ፈቃድ አለ። ኢብን ሰሊም እንደ ጻፈው ከላይኛው የማኩርያ ወሰን ያለ ንጉሡ ፈቃድ ማንም ሰው ማለፍ አይችልም ነበር። ፈቃዱ እስኪመጣ መንገደኛው ከነግመሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ቁጭ ብሎም ይበላል። የመቆያ ወጪ ከመጓዣ ወጪ ሊበልጥ እንደሚችል የሚያውቅ ያውቀዋል።

መንገድ ዋጋን እንዴት እንደሚያንር ለማስረዳት ከእኛ አገር የተሻለ ምሳሌ አለ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ አሞሌ ሲጽፍ፥ ጨው ከሚቈረጥበት ስፍራ አጠገብ በጣም ርካሽ እንደ ሆነ፥ ወደ ውስጥ በራቀ ቍጥር ግን ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ይመሰክራል። ጨው ያው ጨው ነው። የጨመረው የበቅሎው ድካም፥ የኬላው ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ነው።

ከሶባ በኋላ፦ የፖንሴ የዋጋ ዝርዝር

ከሶባ ዘመን በቍጥር የተጻፈ የምግብ ዋጋ አልተረፈልንም። ይሁን እንጂ በዚያው በጥቁር አባይ ዳር፥ ከሶባ ወደ ላይ፥ በሶባ ምትክ የተነሣችው ስናር የዋጋ ዝርዝር ትታልናለች። የፉንጅ መንግሥት ዋና ከተማ ስናር ስትሆን መንግሥቱ ከ1504 እስከ 1821 ቆይቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ወደ ጎንደር ሲመጣ በ1699 በስናር በኩል አለፈ። በስናር ሁሉ ነገር ርካሽ መሆኑን ጠቅሶ ዋጋውን በአገሩ ገንዘብ እንዲህ አስቀምጦታል። ግመል 7 ወይም 8 ሊቭር፥ በሬ 50 ሱ፥ በግ 15 ሱ፥ ዶሮ 1 ሱ። አንድ ሊቭር 20 ሱ ነው።

ፖንሴ ስለ ምግቡም ሲጽፍ የስናር ሰዎች የስንዴ ዳቦ እንደማይወዱ፥ የሚጋግሩትም ለእንግዶች ብቻ እንደ ሆነ፥ እነርሱ የሚበሉት የዱራ እንጀራ መሆኑን ይናገራል። ከዱራውም ቡዛ የሚባል ወፍራም መጠጥ እንደሚያዘጋጁ፥ መጠጡ ስለማይቆይ በየጊዜው እንደሚጠምቁትና ለእርሱ እንዳልጣፈጠው ጽፏል። ከኢብን ሰሊም እስከ ፖንሴ ከ700 ዓመት በላይ አልፏል። መንግሥት ተለውጧል፤ ሃይማኖት ተለውጧል፤ ገበታው ግን ያው ማሽላ፥ መጠጡም ያው ማሽላ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የግመሉን ዋጋ ከ7 እና ከ8 መካከል 7 ሊቭር ተኩል ብናደርገው 150 ሱ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ግመል 3 በሬ፥ ወይም 10 በግ፥ ወይም 150 ዶሮ ነው። አንድ በሬ 3 በግና 5 ዶሮ ነው። ገንዘቡን ከመካከል ብናወጣው እንኳ የገበያው ሚዛን ሳይዛነፍ ይቆማል። ኢብን ሰሊም በልውውጥ የሚነግዱ ሰዎች አሉ ያለው እንዲህ ባለ ሚዛን ቢሆን ነው።

ይህ ርካሽ ነው ወይስ ውድ? መልሱን ለማግኘት ወደ ራሱ ወደ ፖንሴ አገር መሄድ አለብን። ፈረንሳዊው ማርሻል ቮባን በ1707 ባሳተመው ስለ ግብር በሚናገረው መጽሐፉ አንድ ሸማኔ በቀን 12 ሱ፥ በዓመት 180 የሥራ ቀን ቢያገኝ 108 ሊቭር እንደሚያገኝ አስልቷል። በዚህ ስሌት የፈረንሳዩ ሸማኔ በአንድ ቀን ደመወዙ በስናር 12 ዶሮ ይገዛል። በ5 ቀን ሥራ በሬ ገዝቶ ገንዘብ ይተርፈዋል፤ ግመል ለመግዛት 13 ቀን ይበቃዋል። በአገሩ ግን ይኸው ሸማኔ በዚያ ገቢ ግብሩን ከፍሎ ቤተ ሰቡን ማኖር የሚጨነቅ ድኻ መሆኑን ቮባን ራሱ ያስረዳል። በአንድ አገር ድኻ የሚያደርግ ገንዘብ በሌላ አገር ጌታ ያደርጋል ማለት ነው። ፖንሴ ስናር «ርካሽ ናት» ሲል የተናገረው ስለ ስናር ሳይሆን ከኪሱ ስለ ያዘው ብር ነው። በስናር ዳር የሚኖረው ገበሬ ያን ብር ለማግኘት ምን ያህል እህል መሸጥ እንዳለበት ፖንሴ አልጠየቀም። እንግዳ የጻፈውን የዋጋ ዝርዝር በምናነብበት ጊዜ ሁሉ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እንግዳም ቢሆን ሁልጊዜ አይደላውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 ከጎንደር ሲመለስ በስናር አራት ወር ያህል ለመቆየት ተገደደ። መውጫ ፈቃድና ገንዘብ አጣ። በመጨረሻ ከኢትዮጵያ ንጉሥ የተሸለመውን የወርቅ ሰንሰለት ዘለበቱን እየፈታ በመሸጥ ነው ወጪውን የሸፈነው። ዶሮ በአንድ ሱ የምትሸጥበት ከተማ የወርቅ ሰንሰለት በላች። የበላችው ግን ዶሮው አይደለም፤ የማይመጣው ፈቃድ ነው። «እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፥ ሁለተኛ ቀን ብር፥ ሦስተኛ ቀን ብረት» የምንለው ተረት በብሩስ ላይ በቁሙ ተፈጽሟል።

የሶባ መጨረሻ

ሶባ ስትወድቅ ያየ ሰው የጻፈው ነገር አልደረሰንም። የፉንጅ ዜና መዋዕል ውድቀቷን በ1504 ያደርገዋል፤ ብዙ ምሁራን ግን ከተማይቱ ከዚያ በፊት ተዳክማ እንደ ነበር ይገምታሉ። በ1523 በዚያ ያለፈው ዳዊት ሮቤኒ የተባለ አይሁዳዊ መንገደኛ ሶባን ፈርሳ፥ ሰዎችም በእንጨት ጎጆ ሲኖሩባት እንዳገኛት ጽፏል። በሱዳን ሕዝብ ዘንድ ዓጁባ የምትባል ሴት ሶባን አፈረሰች የሚል ተረት አለ፤ «የሶባ ጥፋት» ማለትም ምሳሌያዊ አነጋገር ሆኖ ቀርቷል።

በዚያው ዘመን አልቫሬስ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሳለ ስድስት የኑብያ ሰዎች መጥተው ዐፄ ልብነ ድንግልን ካህናት እንዲሰጧቸው ለመኑ። ንጉሡም እርሳቸው ራሳቸው ጳጳስ የሚያስመጡት ከእስክንድርያ ስለ ሆነ ካህናት ሊሰጧቸው እንደማይችሉ መለሱላቸው። ስድስቱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ስንት ቀን እንደ ተጓዙ፥ በመንገድ ምን እንደ በሉ፥ ለግመልና ለበቅሎ ምን እንደ ከፈሉ የጠየቃቸው ሰው ቢኖርም አልጻፈውም። እኔ ስለ ስድስቱ ሰዎች ሳነብ የተማሪዬ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ካርቱም ከ1821 በኋላ በግብጾች ስትቈረቈር የሶባ ቀይ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ሕንጻ መሥሪያ ሆነ። ከቍፋሮ የተገኘው ቅርስ ከሌላው የኑብያ ቅርስ ጋር በካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ነበር። በ2023 በሱዳን በተነሣው ጦርነት ግን ሙዚየሙ ተዘረፈ። በዚያው ጦርነት በካርቱምና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እነርሱም በጥንቱ የነጋዴ መንገድ ሲመለሱ ከሁሉ አስቀድሞ ያስጨነቃቸው ምግብ፥ ውኃና የመኪና ዋጋ እንደ ነበር ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከመካከላቸው ልጆቻቸው ዛሬ በየክፍላችን የሚማሩ ይኖራሉ።

ለክፍል ሥራ የሚሆን ሐሳብ

ይህን ርእስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለማስተማር ለሚፈልግ የሥራ ባልደረባ ከልምዴ ያገኘሁትን ላካፍል።

በመጀመሪያ፥ ተማሪዎች የፖንሴን ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ጽፈው አንዱን በሌላው ይመንዝሩ። አንድ ግመል ስንት በግ ነው? አንድ በሬ ስንት ዶሮ ነው? ከዚያም በከተማቸው ገበያ የበሬን፥ የበግንና የዶሮን ዋጋ ጠይቀው መጥተው በተመሳሳይ መንገድ ያስሉ። ዛሬ አንድ በሬ ስንት ዶሮ ይገዛል? ሚዛኑ ከ1699ኙ ምን ያህል እንደ ተለወጠና ለምን እንደ ተለወጠ ይከራከሩበት። በእኔ ክፍል ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻቸውን ደቦ ላይ ለሠራተኛ ምን ይቀርብ እንደ ነበር ይጠይቁና ከዐልዋው የጂኖች ወሬ ጋር ያነጻጽሩት።

ሦስተኛ፥ የኢብን ሰሊምን የልውውጥ ዝርዝር አንብበው «ባሮች» የሚለው ቃል ለምን ከከብት ጋር እንደ ተቈጠረ በጽሑፍ ይመልሱ። ይህኛው ጥያቄ ሒሳብ የለውም፤ ሊዘለል ግን አይገባውም።

ለጠየቀኝ እጩ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ሶባ የገባ መንገደኛ የማሽላ እንጀራ በሥጋ በልቶ፥ ከማሽላው ጠላ ጠጥቶ፥ ሒሳቡን ምናልባት በጨርቅ ከፍሎ ያድር ነበር፤ ብዙ ወጪ የነበረበት ከምግቡ ይልቅ በመንገዱና በመጠበቁ ላይ ነው አልሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያው መምህር፥ የማሠልጠኛ ተቋሙ ተማሪ እንደኛው ነበራ! የኛንም ገንዘብ የሚጨርሰው መሳፈሪያው ነው» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ክፍሉ ሲስቅ እኔም ከልቤ ሳቅሁ።